አዲስ ሰንጢ ገዝታችኋል? ከመፍረዳችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ

አዲስ ሰንጢ ገዝተው በመጀመሪያው ቀን የሚያማርሩ ሰዎች አውቃለሁ። "አልከፈት አለኝ። እንጨቱ ሻካራ ነው። ሁለት ሽንኩርት ብከትፍበት ጠቆረ።" ሦስቱም አብዛኛውን ጊዜ ጉድለት አይደሉም። የእንጨት እጀታና የካርቦን ብረት ያለው ሰንጢ ከፋብሪካ ሲወጣ ገና አልተገራም። የሚገራው በገዢው እጅ ነው። እኔ በቅርቡ የገዛሁት የፈረንሳዩን ኦፒኔል ቁጥር 8 ስለሆነ በእሱ ላሳያችሁ።

ኦፒኔል በፈረንሳይ የሚገኙት የሳቮዋ ተራሮች ልጅ ነው። ጆዜፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 ሠራው። በ1897 ደግሞ ከ1 እስከ 12 ቁጥር እየሰጠ በ12 መጠን አወጣው። ቁጥር 8 ስለቱ 8.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ለፍራፍሬም ለዳቦም የሚበቃ፣ ኪስ ውስጥ የማይከብድ መጠን ነው።

ሳትከፍቱት እዩት

ተዘግቶ እንዳለ መስኮት አጠገብ ያዙት። ስለቱ በሚታጠፍበት የእንጨቱ ስንጥቅ መሃል መተኛት አለበት። ፀጉር ያህል ማዘንበል ያለ ነው፤ እንጨት ነውና። አንዱን ጎን የሚፍቅ ከሆነ ግን ደረሰኙ ሳይጠፋ መልሱት። እጀታውን በአውራ ጣት ዳብሱ። ሻካራነቱ በአጠቃቀም ይለሰልሳል፤ የተሰነጠቀ እንጨት ግን አይድንም።

አከፋፈቱ

አንገቱ ላይ ያለው የብረት ቀለበት መቆለፊያው ነው። የጆዜፍ ልጅ ማርሴል ኦፒኔል በ1955 የጨመረው ነው። የቀለበቱ ክፍተት ከእጀታው ስንጥቅ ጋር እስኪገጥም አዙሩት። ጥፍራችሁን ስለቱ ላይ ባለችው ጭረት አስገብታችሁ በሁለት እጅ ክፈቱት። ከዚያ ቀለበቱን አዙራችሁ ቆልፉት። ጣቶቻችሁን ከስንጥቁ አርቃችሁ የስለቱን ጀርባ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። መታጠፍ የለበትም። ወደ ጎን ስትነቀንቁትም መላወስ የለበትም።

የስዊስ ሰንጢ የለመደ ሰው "ቀጭ" የሚል ድምፅ ይጠብቃል። ያ ድምፅ የሚመጣው ከጀርባው ሞላ ነው። ኦፒኔል ሞላ የለውም፤ ዝም ብሎ ነው የሚከፈተው።

አልከፈት ካለ አትደንግጡ። እጀታው ቢች ከሚባል ዛፍ የሚሠራ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ያብጥና ስለቱን ይጨብጣል። የሳቮዋ ሰዎች ለዚህ ዘዴ አላቸው፦ ቀለበቱን በመክፈቻው በኩል አሰልፈው የእጀታውን የኋላ ጫፍ ጠረጴዛ ላይ ኳ ያደርጉታል። ስለቱ ትንሽ ብቅ ይላል፤ የቀረውን በጣት ማውጣት ነው። በጥፍር አትታገሉ። ጥፍር ይሰበራል፣ እጅም ያመልጣል።

ለዘለቄታው ሰንጢውን ሁለት ሦስት ቀን ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ምድጃ ላይ ወይም ፀሐይ ላይ ግን አታስጡት፤ ቶሎ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከዚያ መታጠፊያው ውስጥ በጥርስ እንጨት ጫፍ ትንሽ ቫዝሊን አስገቡና ደጋግማችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። የእኔ በአራተኛው ቀን አካባቢ እሺ አለኝ።

ስለቱ ላይ ያለውን አንብቡ

ዘውድ የደፋች እጅ ታያላችሁ። እጇ ከሳቮዋዋ ከሴን-ዣን-ደ-ሞሪየን ከተማ አርማ የመጣች ናት። የከተማዋ ካቴድራል የመጥምቁ ዮሐንስ ጣቶች አሉበት ተብሎ ይታመናል። ዘውዱ የሳቮዋ መስፍንነት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሰንጢውን የማየው በሌላ ዓይን ነው።

ከእጇ ጋር "ካርቦን" ወይም "ኢኖክስ" የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ኢኖክስ የማይዝገው ብረት ነው፤ ታጥቦ ከደረቀ ብዙ ነገር አይጠይቅም። ካርቦኑ ግን በቀላሉ ይሳላል፣ በቀላሉም ይዝጋል። እኔ ካርቦኑን እመርጣለሁ።

ሁለቱንም በሳሙናና በስፖንጅ እጠቡና ወዲያው አድርቁ። ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉ። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ፈጽሞ አይግባ።

የመጀመሪያው ቆረጣ

ስለቱን በአውራ ጣት እየሳባችሁ አትፈትኑ። አንድ ወረቀት ይዛችሁ ከላይ ወደ ታች ቁረጡ። እየቀደደ ወይም እየተያዘ ከሄደ የደነዘ ቦታ አለ ማለት ነው። ስለቱን መብራት ሥር አድርጋችሁ ፊት ለፊት እዩት። የተሳለ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፤ የደነዘው ቦታ ነጭ ሆኖ ያበራል።

ቀጥሎ ቲማቲም ወይም ሽንኩርት ቁረጡ። የካርቦኑ ስለት በደቂቃዎች ውስጥ ግራጫ፣ አንዳንዴም ሰማያዊ መሆን ይጀምራል። ሰዎች የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው። ይህ ዝገት አይደለም። የአትክልቱ አሲድ ብረቱ ላይ የሚሠራው ስስ ሽፋን ነው፤ ዝገትንም ያዘገያል። ዝገት ቀይ ቡናማ ነው፣ ጣት ላይ ይወጣል፣ ብረቱንም ይበላል። ግራጫውን ተዉት። ቀዩን ወዲያው በአመድና በእርጥብ ጨርቅ ፈትጋችሁ አንሡ፣ አድርቁ፣ ስስ ዘይት ቀቡ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፖም ላይ የብረት ጣዕም ቢተው ሽፋኑ ሲጠነክር ይቀንሳል።

እንጨቱን መቀባት

የፋብሪካው ቫርኒሽ ካልወደዳችሁት በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት አንሡትና የተልባ ዘይት ቀቡ። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ጥረጉ፣ አሳድሩት፣ ድገሙት። ሦስት ዙር ይበቃል።

አደራ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ኪስ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት

እንግሊዝ አገር ያላችሁ በተለይ ስሙ። እዚያ ያለ በቂ ምክንያት አደባባይ ይዞ መሄድ የሚፈቀደው የማይቆለፍ፣ ስለቱም ከ3 ኢንች ያልበለጠ ሰንጢ ነው። ኦፒኔል ቁጥር 8 ይቆለፋል፤ ርዝመቱም ያልፋል። ለሽርሽር ከሆነ ከምሳ ዕቃው ጋር ታስሮ ይሂድ። በአውሮፕላን ስትሄዱ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው ውስጥ ይሁን።

ሞረድ ለማንሳት አትቸኩሉ። ሞረድ አዲስ ስለት ይበላል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ተጠቀሙበትና ወረቀቱን ድገሙት። መያዝ ሲጀምር እናቶቻችን የሚያውቁት የሲኒ ቂጥ ይበቃል፦ ያልተቀባውን ሻካራ ጠርዝ አርጥቡ፣ ስለቱን 20 ዲግሪ ያህል አጋድሙ፣ በእያንዳንዱ ጎን አሥር ጊዜ ያህል ሳትጫኑ ሳቡ። ከዚያ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ዘግታችሁ ቀለበቱን ቆልፉት።