ስድስት ኪሎ አካባቢ ቤት ስትከራዩ

ስድስት ኪሎ አካባቢ ልትኖሩ ካሰባችሁ ቤቱን በቀን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ማታም ሂዱ። ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ ቆጣሪው የጋራ ይሁን የግል፣ የግቢው በር ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ አከራይዋን ፊት ለፊት ጠይቁ። እኔ የበሩን ነገር ሳልጠይቅ ገብቼ፣ ከላይብረሪ አምሽቼ ስመጣ ደጅ ቆሜ አውቃለሁ። የደላላውንም ክፍያ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ከዚያ ሰፈሩን በእግር ልመዱት። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ፤ ወደ አምስት ኪሎ ስትወርዱ ደግሞ ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም። ወደ ላይ ሽሮ ሜዳ ነው። የሐበሻ ልብስ ስትገዙ ሁለት ሦስት ሱቅ ሳትጠይቁ ብር እንዳታወጡ።

ጥር 10 ታቦታቱ ጃን ሜዳ ስለሚወርዱ መንገድ ይዘጋል፣ ስለዚህ ያን ሰሞን ዕቃ ለማጓጓዝ አታስቡ፤ ነጭ ልበሱና ከሰፈሩ ሰው ጋር ውጡ፣ እንዲህ ያለ ቀን ከቤት ተዘግቶ አይታለፍም። የካቲት 12ም አደባባዩ ላይ ካለው ሐውልት ዘንድ የሰማዕታት መታሰቢያ ይካሄዳል።

ጎረቤት ቡና ጠጡ ሲላችሁ ጥናት አለብኝ አትበሉ። ውሃ ሲጠፋ አንድ ጀሪካን የሚሰጣችሁ እሱ ነው።