2147483647ን በደብተርና በስልክ ካልኩሌተር እንዴት እንፈትን?

ማታ ማታ የማስጠናት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ይህን ቁጥር ጽፋ መጣች። «ቲቸር፣ ብቸኛ ቁጥር ነው ይላሉ፤ ግን ማን አካፍሎ ጨረሰው?» አለችኝ። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ነው። ጥያቄዋን ወደድኩት። ያደረግነውን ላሳያችሁ።

ቁጥሩ 2 ሠላሳ አንድ ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስ የሚገኝ ነው። ስኩዌር ሩቱ 46340 ከምናምን ስለሆነ ከዚያ በላይ መሞከር አያስፈልግም፤ ትልቅ አካፋይ ካለው ትንሽም ይኖረዋልና። ግን ከ46340 በታች ከ4,700 የሚበልጡ ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ልጅቷ በ3፣ በ7፣ በ11 እያለች ጀምራ ነበር፤ አስቆምኳት።

መጀመሪያ ታናሹን እዩ። 2 አሥራ አንድ ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስ 2047 ነው፤ እሱም 23 × 89። ከሁለቱም 1 ስትቀንሱ 22 እና 88 ይቀራሉ፤ ሁለቱም ለ11 ይካፈላሉ። አጋጣሚ አይደለም። አንድ ብቸኛ ቁጥር የእኛን ቁጥር ካካፈለ፣ 2ን ደጋግመን እያባዛን ለእሱ ስናካፍል የሚተርፈው ቀሪ በ31ኛው ላይ 1 ይሆናል። 31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ዙሩ ከዚያ አያጥርም፤ ቀሪው 1 የሚሆነው በ31 ብዜቶች ላይ ብቻ ነው። በፌርማ ትንሹ ቴዎረም ደግሞ ከአካፋዩ በ1 በሚያንሰው ቦታም ቀሪው 1 ነው። ስለዚህ አካፋዩ 1 ሲቀነስለት ለ31 መካፈል አለበት፤ ጎዶሎ ስለሆነም ለ62።

ሁለተኛ ወንፊት አለ፦ አካፋዩ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 መሆን አለበት። ሁለቱ ሲጣመሩ የሚቀሩት በ248 ብዜት ላይ 1 ወይም 63 የተደመረባቸው ብቻ ናቸው፤ እስከ 46340 ድረስ 373።

ጻፏቸው፦ 63፣ 249፣ 311፣ 497፣ 559፣ 745፣ 807፣ 993፣ 1055፣ 1241፣ 1303። በ3፣ በ5፣ በ7፣ በ13 እና በ17 የሚካፈሉትን ሰርዙ። ከአሥራ አንዱ 311 እና 1303 ብቻ ተረፉ! ልጅቷ እዚህ ላይ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ዝም ብላ አየችው።

አሁን ካልኩሌተር አንሱ። ከነጥብ በኋላ ያለውን አትመኑ፤ ሙሉውን ድርሻ መልሳችሁ አባዙ። 311 × 6905092 = 2147483612፤ 35 ተረፈ። 1303 × 1648107 = 2147483421፤ 226 ተረፈ። ሁለቱም አያካፍሉትም።

የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1772 ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑን ያረጋገጠው ይህንኑ መንገድ ይዞ ነው፤ ያኔ ዓይኑ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፤ እንደኛ ካልኩሌተርም አልነበረውም። ይህን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል።

የቀሩትን በሁለት ዓምድ ያዙ፤ በአንዱ አካፋዩን፣ በሌላው ቀሪውን። በየማታው አሥር አሥር ብትሠሩ አይከብድም። የሆነ ቦታ ላይ ቀሪው 0 ከመጣባችሁ ያንን መስመር እንደገና አስሉት፤ ማባዛቱ ላይ ተሳስታችኋል።