ይግባኝ፣ እግድ፣ መቃወሚያ፦ ባለጉዳይ የሚያምታታቸው አቤቱታዎች

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከእነዋሪ እስከ አረርቲ፣ በሰሜን ሸዋ የፍርድ ቤት ደጃፎች ከባለጉዳይ አፍ የማይጠፋው ቃል «ይግባኝ» ነው። ድንበር የተገፋበትም፣ ወንድሙ የታሰረበትም፣ ሳይሰማ የተፈረደበትም «ይግባኝ ልል ነው» ይላል። ራፖር ጻፊውም የተነገረውን ጽፎ ያስረክባል። እውነት ይዞ የሚሸነፍ ሰው የሚበዛው እንዲህ ባለው ወረቀት ነው።

ዋናው ስህተት በክርክሩ ያልነበረ ሰው ይግባኝ ማለቱ ነው። አንዲት ሴት ከመንዝ ደብረ ብርሃን ተድራለች እንበል። ወንድሞቿ በሟች አባታቸው ቤት ተካሰሱና አንዱ ረታ። እርሷ ነገሩን የሰማችው የረታው ወንድም አፈጻጸም (ፍርዱ በተግባር እንዲውልለት የሚጠየቅበትን መዝገብ) ከፍቶ ቤቱን ሊረከብ ሲል ነው። ይግባኝ የተከራካሪዎች መንገድ ስለሆነ ለእርሷ አይሆናትም። የሚሆናት በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 358 የተፈቀደው መቃወሚያ ነው። የሚቀርበውም ፍርዱን ለሰጠው ለዚያው ፍርድ ቤት፣ ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ነው። ቤቱ ርክክብ ከተደረገበት በኋላ ይህ በር ይዘጋል፤ ስለዚህ «ሽማግሌ ይግባበትና እናያለን» እያሉ መክረም እዚህ ላይ አያዋጣም።

ተከስሶ በሌለበት የተፈረደበት ሰው ደግሞ ሌላ ነው። እርሱም «ሳልሰማ ተፈረደብኝ» ይላል፣ ግን የክርክሩ ወገን ነበር። መንገዱ ቁጥር 78 ነው፤ ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰው ወይም ለመቅረት በቂ ምክንያት እንደነበረው አስረድቶ ፍርዱ እንዲነሳለት ያመለክታል። ሁለቱ ሰዎች በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው አንድ ዓይነት ሮሮ ሊያሰሙ ይችላሉ፤ ወረቀታቸው ግን አንድ ሊሆን አይገባም።

ይግባኝ ብሎ እፎይ ማለትም ብዙ ሰው ይጎዳል። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ፍርድ ከተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ቁጥር 332 ይግባኝ መቅረቡ ብቻውን አፈጻጸምን እንደማያቆም በግልጽ ይናገራል። እግዱ ለብቻው መጠየቅ አለበት፤ ሳይዘገይ፣ ካልታገደ የሚደርሰውን ጉዳት አስረድቶ፣ ዋስትና ከተጠየቀም አቅርቦ። በሌላ በኩል እግድ ያገኘ ሰው የረታ ይመስለውና ጠላ ያስጠምቃል። እግድ እንደ ድሮው «በሕግ አምላክ» ነው፤ ባለበት ያስቆማል እንጂ አይፈርድም።

ሰው ሲታሰር ዋስትናና አካልን ነፃ ማውጣት ይደባለቃሉ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ደንግጓል። ሳይቀርብ ከዋለ ካደረ፣ ቤተሰቡ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 177 መሠረት ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ያቀርባል። አቤቱታው ከቃለ መሐላ ጋር ሆኖ ማን እንዳሰረው፣ የት እንደታሰረ፣ ማን እንደሚመሰክር ይዘረዝራል። «ወንድሜ ንጹሕ ነው» የሚል ሦስት ገጽ ግን ለዚህ አቤቱታ ምንም አይጨምርም፤ ጥያቄው «በምን ሥልጣን ያዛችሁት?» የሚል ብቻ ነውና። ዳኛ አንዴ የጊዜ ቀጠሮ (ፖሊስ ለምርመራ ሰውየውን አስሮ የሚያቆይበትን ጊዜ) ፈቅዶ ከሆነ ይህ መንገድ አይሠራም። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ዋስትና ነው፤ ከተከለከለም በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባልበታል። «ይግባኝ» የሚለው ቃል በትክክል የሚገባው እዚህ ነው፣ ግን ቤተሰብ በዚህ ሰዓት ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በእርሻ ድንበር ጉዳይ «ሁከት ይወገድልኝ» እና «መሬቱ የእኔ ነው» የተለያዩ ክሶች ናቸው። ጎረቤት በሰኔ ማረሻውን ወሰን አሻግሮ ጤፍ ከዘራበት፣ በእጁ አድርጎ ይጠቀምበት የነበረው ሰው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 ሁከቱ እንዲወገድ ይጠይቃል፤ ጊዜውም ሁለት ዓመት ነው። ተከሳሹ ባለመብትነቱን ወዲያውኑ በማያጠራጥር ማስረጃ ካላሳየ በቀር፣ ክሱ የባለመብትነት ሙግት አይሆንም። ከሳሹ ራሱ በዚህ ክስ ውስጥ የአያቱን የዘር ሐረግ መቁጠር ሲጀምር ግን ቀላሉን ጉዳይ ለተከሳሹ ያወሳስብለታል።

«ዳኛው ምስክሬን አላመነኝም» ብሎ ወደ ሰበር ሰሚ ችሎት መሄድ ድካም ነው። ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ ነው። የፍርዱ መሠረት የሆነው ሰነድ ሐሰተኛ መሆኑ ኋላ ከታወቀ ደግሞ፣ ይግባኝ ሳይባል በፊት፣ ምክንያቱ በታወቀ በአንድ ወር ውስጥ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 6 ፍርዱ እንደገና እንዲታይ ለፈረደው ፍርድ ቤት አቤቱታ ይቀርባል።

በቅርብ ዓመታት አንድ አዲስ ስህተት ተጨምሯል፤ በወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ውሳኔ ላይ አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን ጠቅሶ መምጣት። አዋጁ የአስተዳደር ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስ መንገድ ስለሚከፍት ያጓጓል። ነገር ግን ስሙ ራሱ «የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ» ይላል፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ደግሞ የክልል መሥሪያ ቤት ነው።