የጢም መላጫ ብሩሽ ሲመርጡ

በባሕር ዳር ገበያ የጢም መላጫ ብሩሽ የሚፈልግ ሰው ከእጀታው ማማር አስቀድሞ ፀጉሩን መመርመር ይኖርበታል። ብሩሹ የሚሠራው ከአሳማ፣ ባጀር ከሚባለው የዱር እንስሳ ወይም ከፈረስ ፀጉር፣ አለዚያም ከሰው ሠራሽ ክር ነው። የአሳማው ርካሽና ጠንካራ ቢሆንም፣ ከመላጨት በፊት ለጥቂት ደቂቃ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ የሚፈልግ ከመሆኑም በላይ፣ በሃይማኖቱ ምክንያት ፊቱን ሊያስነካው የማይወድ ሰው ብዙ ነውና ሻጩን ጠይቆ ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ባጀር ውኃ በደንብ ይይዛል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። በእኔ ግምት በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የተሰጣ ፎጣ እንኳ ሳይደርቅ በሚያድርበት በጣና ዳር፣ ለጀማሪ የሚሻለው ቶሎ የሚደርቀው ሰው ሠራሹ ነው።

ጫፉን በእጅዎ ጀርባ ላይ ያሽከርክሩት፤ ከወጋዎ ይተውት። ከዚያ ፀጉሩን በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው ይሳቡ፤ አንድ ሁለት ፀጉር ቢወጣ ግድ የለም፣ በሳቡት ቁጥር የሚረግፍ ከሆነ ግን ማጣበቂያው ደካማ ነው። የፀጉሩ እስር ከሥሩ ሲለካ ከ22 እስከ 26 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ለፊት ይበቃል። እጀታው የእንጨት ከሆነ ቫርኒሹ እስከ ታች መቀባቱን ይዩ፤ የእኔ የመጀመሪያው ብሩሽ መቀመጫው ሳይቀባ የቀረ ነበርና በሁለተኛው ክረምት ተሰነጠቀ።