ዊንተር ፊልድ ዴይ፦ በጥር ብርድ ከሬዲዮ ጋር ውጭ መዋል

ጥምቀት አልፎ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ አሜሪካና ካናዳ ያሉ የአማተር ሬዲዮ (ለገንዘብ ሳይሆን በፍላጎት በሬዲዮ የመነጋገር) ሰዎች ባትሪና ሽቦ ይዘው ወደ ብርዱ ይወጣሉ። ዝግጅቱ ዊንተር ፊልድ ዴይ ይባላል። የሚውለው በጃንዋሪ የመጨረሻው ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ነው። ከሌላ ጣቢያ ጋር በሬዲዮ በተገናኙ ቁጥር ነጥብ ይያዛል፤ ግን ብዙ ሰው የሚመጣው ለነጥቡ ብሎ አይደለም። በክረምት መብራት ቢጠፋ፣ ስልክም ባይሠራ፣ ሰው ማግኘት እችላለሁ ወይ? ይህን በእጁ ሠርቶ ለማየት ነው የሚመጣው።

በሚኒሶታም ሆነ በዲሲ አካባቢ የምትኖሩ ሁሉ መሳተፍ ትችላላችሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ፈቃድ ከሌላችሁ በእንግድነት ጀምሩ

በአሜሪካ በአማተር ሬዲዮ ለማሰራጨት ፈቃድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ደረጃ ቴክኒሺያን ይባላል። ፈተናው 35 ጥያቄ ነው፤ 26ቱን የመለሰ ያልፋል። ሞርስ ኮድ ማወቅ ከ2007 ወዲህ ግዴታ አይደለም። ፈቃድ ያለው ሰው አጠገባችሁ ሆኖ እየተቆጣጠረ ግን ያለ ፈቃድም ማይክሮፎን ይዛችሁ መነጋገር ትችላላችሁ። ስለዚህ አሁኑኑ የሰፈራችሁን ክለብ ፈልጉና «እንግዳ ትቀበላላችሁ?» በሉ። እኔ እስካሁን እምቢ ያለ ክለብ አልገጠመኝም።

መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ ባትሪ

ጀማሪ ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ሬዲዮው ነው። እኔ ግን የማስቀድመው እጅን ነው። እጃችሁ ቆፈን ከያዘው ማስተካከያውን ማዞር፣ መጻፍ፣ ገመድ ማያያዝ አትችሉም። ስስ ጓንት አድርጉና ከላዩ ወፍራም ደርቡበት፤ ስትጽፉ ወፍራሙን ብቻ ታወልቃላችሁ። ሁለት ጥንድ ካልሲ ያዙ፤ አንዱ የሚለብሱት ነው፣ አንዱ ሲረጥብ የሚቀየር። ወንበር ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ከመራመድ ይልቅ ያበርዳል። ስለዚህ ጋቢ ይዛችሁ ጉልበታችሁ ላይ ጣሉ፤ እስካሁን የተሻለ ነገር አላገኘሁም። በፔርሙዝ ሻይ ያዙ። ለመጻፊያ እርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም በብርድ ይረጋል።

ባትሪው እንደ ሰው ነው፤ ብርድ ያደክመዋል። የመኪና ዓይነቱ ሊድ አሲድ ባትሪ በከባድ ውርጭ ከአቅሙ ብዙ ያጣል። ቀላሉ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ብርዱን የተሻለ ይችላል፤ ነገር ግን ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሆኖ በፍጹም ቻርጅ አይደረግም፤ ውስጡ ይበላሻል። ይህን ሳላውቅ አንድ ባትሪ አበላሽቻለሁ። ሌሊቱን ቤት ውስጥ አሳድራችሁ፣ ሞልታችሁ፣ በስፖንጅ ሳጥን ውስጥ ይዛችሁ ውጡ። የ100 ዋት ሬዲዮ ሲያሰራጭ እስከ 20 አምፒር ይስባል፤ ሲያዳምጥ ግን 1 አምፒር አካባቢ ነው። ኃይሉን ወደ 20 ወይም 30 ዋት ዝቅ ብታደርጉት ባትሪው ብዙ ያቆያችኋል።

ድንኳን ውስጥ ከሆናችሁ አንድ ነገር አደራ፦ የጋዝም የከሰልም ማሞቂያ ዘግታችሁ አታንድዱ። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው መርዝ ነው፤ ይገድላል። ጄኔሬተርም ከድንኳኑ ርቆ ይቀመጥ።

ሽቦውን ስቀሉ

ለጀማሪ የሚበቃው በሁለት እኩል የተከፈለ የሽቦ አንቴና ነው። ለ20 ሜትር ባንድ (ባንድ በሞገዱ ርዝመት የሚጠራ የሬዲዮ መስመር ክልል ነው) ጠቅላላ የሽቦው ርዝመት 10 ሜትር ያህል፣ ለ40 ሜትር ባንድ ደግሞ 20 ሜትር ያህል ይሆናል። መካከሉን ዛፍ ላይ ወይም ምሰሶ ላይ ስቀሉ፤ ጫፎቹ ወደ ታች ቢያዘነብሉ ችግር የለውም። የመብራት መስመር ካለበት ፈጽሞ ራቁ። ገመዱ በብርድ ስለሚደርቅ በኃይል አትጠፉት፤ ይሰነጠቃል።

ቀን ቀን 20፣ 15 እና 10 ሜትር ላይ ሞክሩ። ፀሐይ ስትገባ ወደ 40፣ ከመሸ ደግሞ ወደ 80 ውረዱ። ክረምት የመብረቅ ጩኸት ስለሚቀንስ፣ የምሽቱ 80 ሜትር ጥርት ብሎ ይሰማል። እኔ የምወደው ሰዓት ይህ ነው። ቴክኒሺያን ከሆናችሁ ከእነዚህ ባንዶች በድምፅ የምትነጋገሩት 10 ሜትር ላይ ብቻ፣ ከ28.300 እስከ 28.500 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ ነው።

ምን ይባላል?

መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ዝም ብላችሁ አዳምጡ። «ሲኪው ዊንተር ፊልድ ዴይ» የሚል ስትሰሙ (ሲኪው «የሰማኝ ሁሉ ይመልስልኝ» ማለት ነው) እስኪጨርስ ጠብቁና የጥሪ ምልክታችሁን፣ ማለትም ከፈቃዱ ጋር የሚሰጠውን የፊደልና የቁጥር መለያ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። ሲመልስላችሁ የምትሰጡት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መደባችሁ ነው፦ ስንት ማሰራጫ እንዳላችሁና የት እንደሆናችሁ። ውጭ ከሆናችሁ «ኦ»፣ ከቤታችሁ «ኤች»፣ ሌላ ሕንፃ ውስጥ «አይ» ነው። ሁለተኛው ክፍለ ግዛታችሁ ነው። ለምሳሌ በአንድ ሬዲዮ ውጭ ያለ ሰው «1 ኦ፣ ሚኒሶታ» ይላል። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆናችሁ ዋሽንግተን ክፍሉ አንድ ነው፦ ሜሪላንድ-ዲሲ። አሌክሳንድሪያ ከሆናችሁ ግን ቨርጂኒያ ትላላችሁ። ከሰሜን አሜሪካ ውጭ ያለ ጣቢያ «ዲኤክስ» ይላል። የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክት «ኢቲ» ብሎ ይጀምራል። አዲስ አበባ 5 ኪሎ ያለው የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ነው፤ ጆሯችሁን አቅኑ።

የእያንዳንዱን ግንኙነት ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) መዝግቡ። በጃንዋሪ በዲሲ በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 11 ሰዓት ሲሆን በዓለም አቀፉ 16፡00 ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። ሦስቱን በጭንቅላት ማስላት ያምታታል። አንድ የእጅ ሰዓት በዓለም አቀፉ ሞልታችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ። የዝግጅቱን መጀመሪያና መጨረሻ ሰዓት ከዓመቱ ደንብ ላይ አረጋግጡ።

ስትመለሱ

የቀዘቀዘ ሬዲዮ ሞቃት ቤት ሲገባ ውስጡ ጠል ይይዛል። ስለዚህ ገና ውጭ ሳላችሁ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጉትና ለጥቂት ሰዓት ሳትከፍቱ ተዉት፤ ጠሉ በከረጢቱ ላይ ይቀራል። እስከዚያ ቡና አፍሉ፣ ካልሲውንም አስጡ። የመዘገባችሁትን አስተካክላችሁ ለአዘጋጆቹ የምትልኩት ከዚያ በኋላ ነው።