የቮልስ ሞተር ፑሊ አልወጣ ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ከቮልስ ሞተር ኋላ፣ ከዲናሞው በታች ያለውን ትልቁን ፑሊ (ቺንጊያው የሚሄድበትን ክብ ብረት) ከክራንክሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ ማውጣት የሚያስፈልግበት ጊዜ ብዙ አይደለም። ከጀርባው ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር፣ መሄጃው ተበልቶ በየወሩ ቺንጊያ መቁረጥ ሲያመጣ፣ ወይም ሞተሩ ለእድሳት ሲፈታ ነው። በየጊዜው እጅ በነካው መኪና ላይ ሥራው ብዙ ሰዓት አይፈጅም። ግቢ ውስጥ ቆሞ ሁለት ሦስት ክረምት ባለፈበት ቮልስ ላይ ግን ፑሊውና ክራንክሻፍቱ አንድ ብረት ሆነው የተሠሩ ይመስላሉ። ጉዳት የሚደርሰውም በዚህን ጊዜ ነው፤ ሠራተኛው የያዘው ብሎኑ ይሁን ፑሊው፣ ዝገት ይሁን ሌላ ነገር ሳይለይ በኃይል ላይ ኃይል ይጨምራል።

እዚህ የምጽፈው በአየር ስለሚቀዘቅዙት የ1200፣ የ1300፣ የ1500 እና የ1600 ሞተሮች ነው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ፑሊው በክራንክሻፍቱ ቀጥ ያለ ጫፍ ላይ ይሰካል፤ በቦታው እንዳይሾር የምትይዘው የጨረቃ ግማሽ የመሰለች ትንሽ ኪ ስትሆን፣ ወደ ኋላ እንዳይወጣ የሚይዘው ደግሞ ባለ 30 ቁልፍ አንድ ትልቅ ብሎን ነው። ፋብሪካው በሠራው ፑሊ ላይ የጎማ ሲል (ዘይት የሚያግድ ቀለበት) የለም። ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚመልሰው በፑሊው እምብርት ዙሪያ እንደ ብሎን ጥርስ የተቆረጠው ጠመዝማዛ መስመርና ከእምብርቱ በስተጀርባ የተቀመጠው ስስ የብረት ሳህን ነው። ይህ ሁሉ የሚዞርበት የሞተሩ ቤት ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ በመሆኑ ቀላል ነው፤ ከብረት ጋር ሲነጻጸር ግን ለስላሳ ነው፣ ካቻቪቴ ተደግፎበት ቢጎተት ይቦረቦራል።

ስለዚህ በእያንዳንዱ እርምጃ መጠየቅ ያለበት ኃይሉ የት ላይ እንደሚያርፍ ነው። በትክክል የታሰረ ፑለር (የፑሊ መሳቢያ መሣሪያ) ፑሊውን ወደ ራሱ እየሳበ የክራንክሻፍቱን ጫፍ ስለሚገፋ፣ ኃይሉ በሁለቱ መካከል ብቻ ይቀራል፤ ኩሽኔታውም (ክራንክሻፍቱ የሚዞርበት መቀመጫም) ሆነ የሞተሩ ቤት ምንም አይሸከምም። ከጀርባው ብረት አስገብቶ መፈልቀቅ ግን ክብደቱን በሙሉ በለስላሳው ቤት ላይ ያሳርፋል፤ በመዶሻ መምታት ደግሞ ከቮላኖው (ፍሪሲዮኑ ከሚታሰርበት ከባድ ክብ ብረት) አጠገብ ባለው የመጀመሪያው ኩሽኔታ ትከሻ ላይ ያሳርፋል። የክራንክሻፍቱን የፊትና የኋላ እንቅስቃሴ በልክ የሚይዘው ይኸው ኩሽኔታ ነው። ይህ እንቅስቃሴ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ብቻ እንዲሆን የተወሰነ ስለሆነ፣ ለመዶሻ የሚተርፍ ቦታ የለውም።

ብሎኑ አልፈታ ብሎ ሞተሩ አብሮ ሲዞር

እዚህ ላይ ያስቸገረው ብዙውን ጊዜ ዝገት አይደለም፤ ሞተሩ አለመታሰሩ ነው። የባትሪውን ሽቦ ካላቀቁና ቺንጊያውን ካወጡ በኋላ መኪናው በጎማው መሬት ላይ እንደቆመ የእጅ ፍሬኑን መሳብ፣ አራተኛ ማርሽ ማስገባትና አንድ ሰው የእግር ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ እንዲረግጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው አንደኛ ማርሽ የበለጠ ይይዛል ብሎ ያምናል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። በአራተኛ ማርሽ ብሎኑ ላይ የምናሳርፈው ኃይል ወደ ጎማው ሲደርስ 4 እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ በአንደኛ ማርሽ ግን ከ15 እጥፍ በላይ ስለሚበዛ ፍሬኑ ያንን ሁሉ ለመያዝ ይገደዳል።

ፍሬኑ ይዞ፣ ጎማው ቆሞ፣ ፑሊው ግን ቀስ እያለ የሚዞር ከሆነ የሚንሸራተተው ፍሪሲዮኑ ነው። ያን ጊዜ ፍሬን መርገጥ ጥቅም የለውም፤ ቮላኖውን ራሱን ማሰር ይገባል። ሞተሩ ወርዶ ከሆነ ፍሪሲዮኑን ፈትቶ በብሎኖቹ ቀዳዳ አንድ ወፍራም ዘንግ ቮላኖው ላይ ማሰርና የዘንጉን ሌላ ጫፍ መሬት ማስደገፍ በቂ ነው። ፑሊውን በቧንቧ መፍቻ መያዝ ግን ቺንጊያው የሚሄድበትን ጠርዝ ስለሚያቆስለው በፍጹም መደረግ የለበትም።

ቡሶላው (በብሎኑ ራስ ላይ የሚሰካው መፍቻ) ባለ ስድስት ጎን መሆን አለበት፤ ባለ 12 ጎኑ የብሎኑን ራስ ያንሸራትታል። በመያዣው ላይ አንድ ሜትር ያህል ቱቦ ሰክቶ፣ ከመኪናው ኋላ ቆሞ በሚታይበት አቅጣጫ ወደ ግራ፣ ሳይነጥሩ ክብደትን ቀስ በቀስ ማሳረፍ ይሻላል። ብሎኑ ሲለቅ አንድ ደረቅ ድምፅ ይሰማል፤ ለጆሮ የተሰበረ ነገር ይመስላል እንጂ የተሰበረ ነገር የለም።

ብሎኑ ወጥቶ ፑሊው አልነቃነቅ ሲል

ፑለር ከማሰር በፊት ማየት ይቀድማል። በሞተሩና በመኪናው አካል መካከል ያለውን የኋላ ላሜራ፣ ቀጥሎም ከፑሊው ጀርባ ያለውን ትንሽ ላሜራ ብሎኖች ፈትቶ፣ እምብርቱ ከክራንክሻፍቱ ጫፍ ጋር የሚገናኝበትን ክብ መስመር በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ በመብራት መመልከት ያስፈልጋል። በዚያ መስመር ላይ እንደ በርበሬ የደቀቀ ቀላ ያለ ብናኝ ካለ ብሎኑ ከዚህ በፊት ላልቶ ፑሊው ሲወዛወዝ ኖሯል ማለት ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ኪዋና መቀመጫዋ መጎዳታቸው አይቀርምና ከወጣ በኋላ ለሚጠብቀን ሥራ ከወዲሁ መዘጋጀት ይገባል። ጠንካራና ቅርፊት የመሰለ ዝገት ከሆነ ከውጭ የገባ የክረምት ውሃ ሥራ ነው። ፑሊው ኋላ ላይ የተገጠመ የአሉሚኒየም ፑሊ ሆኖ ነጭ ዱቄት ከታየ ደግሞ ሁለቱ የተለያዩ ብረቶች በእርጥበት ተበላልተው ተጣብቀዋል። መስመሩ ንጹሕ ሆኖ እያለ ፑሊው እንቢ ካለ፣ ከዚህ በፊት የገጠመው ሰው ማጣበቂያ ቀብቶበት ወይም ኪዋን አጣምሞ በመዶሻ አስገብቶት ሊሆን ይችላል።

በሁሉም ሁኔታ መጀመሪያው ጊዜ መስጠት ነው። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ሲጨመር ወደ ታች ፈሶ የሚባክነው መስመሩ በቁም ስለሚቀመጥ ነው። ቮልስ ሞተሩ ከኋላ፣ ፑሊውም ወደ ኋላ የሚመለከት ስለሆነ፣ መኪናውን አፍንጫው ወደ ቁልቁለት ዞሮ ማቆም፣ ወይም ከኋላ በክሪክ አንስቶ በማይንሸራተት ድጋፍ ላይ ማሳረፍ ፑሊውን ትንሽ ወደ ሰማይ ያቀናዋል፤ ዘይቱም በመስመሩ ላይ ተቀምጦ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ማታ ጠብ አድርጎ፣ ጠዋት ደግሞ፣ ወደ ማታ ላይ መሞከር በግርግር ከሚጠፋ ፑሊ እጅግ ይሻላል።

ፑለሩ የፑሊውን ጠርዝ በጥፍር የሚይዝ መሆን የለበትም። ይህን የተማርኩት ከዓመታት በፊት በራሴ መኪና ላይ ነው። ባለ ሦስት ጥፍር ፑለር ጠርዙ ላይ አስሬ ስጠመዝዝ የሆነ ነገር የላላ መሰለኝና ወጣልኝ ብዬ ተደሰትኩ፤ እምብርቱ ግን ከቦታው ፈቀቅ አላለም ነበር፣ የላላው የታጠፈው ጠርዝ ነበር። ያንኑ ፑሊ መልሼ ሞተሩን ሳስነሳው ቺንጊያው በየዙሩ ወደ ጎን ሲወዛወዝ አየሁ፤ ፑሊውን ከመለወጥ በቀር ምንም ማድረግ አልተቻለም። ትክክለኛው መንገድ በፋብሪካው ፑሊ ላይ ከእምብርቱ አጠገብ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች መጠቀም ነው። በቀዳዳዎቹ ሁለት ጠንካራ ብሎኖች ወይም መንጠቆዎች አሳልፎ ከአንድ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ጋር ማሰር፣ በብረቱ መሃል ያለውን መግፊያ ብሎን ደግሞ በክራንክሻፍቱ መሃል ማሳረፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የፑሊው ብሎን ከወጣ በኋላ መልሶ በእጅ ጥቂት ዙር ማስገባትና በራሱና በፑሊው መካከል ጥቂት ሚሊሜትር ክፍት መተው ይገባል። መግፊያው የሚያርፈው በብሎኑ ራስ ላይ ስለሆነ የክራንክሻፍቱ የውስጥ ጥርስ አይቆስልም፤ ፑሊው በድንገት ቢለቅም ብሎኑ ያስቆመዋል። ሁለቱን የጎን ብሎኖች እኩል አስረዝሞ ፑለሩን ወጥሮ መተው፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ትንሽ መጨመር፣ በእምብርቱ ዙሪያም በትንሽ የነሐስ መዶሻ ቀስ እያሉ መንካት፣ ከዚያም እንደገና መጠበቅ ነው። አንዳንዴ ፑሊው ማንም ሳይነካው፣ ሰው ሻይ ሊጠጣ በሄደበት ይለቃል። በአንድ በኩል ብቻ ቀድሞ ከወጣ መግፊያውን አላልቶ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ መመለስና ጎኖቹን አስተካክሎ እንደገና መጀመር ያስፈልጋል፤ ተጣሞ እንደተያዘ መሳብ እምብርቱን በክራንክሻፍቱ ላይ ያኝከዋል።

እሳት መጠቀም ሲታሰብ

ሌላ መኪና ላይ የለመደ ብየዳ ሠራተኛ የጋዝ እሳት ያመጣል። ቮልስ ላይ ይህን መከልከል አለብን። የማግኒዚየም ስብርባሪና ስስ ጠርዝ ከተቀጣጠለ እጅግ በከፍተኛ ሙቀት ይነዳል፣ ውሃም አያጠፋውም፤ ይብስ ያባብሰዋል። የቤንዚን ፓምፑና ካርቡራቶሩም ከዚያው አካባቢ ናቸው። ሙቀት የግድ ካስፈለገ በኤሌክትሪክ የሙቅ አየር መንፊያ እምብርቱን ብቻ፣ ፑለሩ ተወጥሮ እያለ ማሞቅ ይቻላል። ሙቀቱ ክራንክሻፍቱ ጋር ሳይደርስ እምብርቱ ቀድሞ እንዲሰፋ በፍጥነት መሥራት ያስፈልጋል፤ ሁለቱም እኩል ከሞቁ ጥቅሙ ይጠፋል። የዝገት ማላቀቂያው ዘይት ተቀጣጣይ ስለሆነ ከማሞቅ በፊት በጨርቅ መጠረግ አለበት።

ከወጣ በኋላ የሚታይ ጉዳት

ኪዋ ጎኗ ከተበላ በአዲስ መተካት ነው፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው። በክራንክሻፍቱ ላይ ያለው መቀመጫዋ ከሰፋ ግን አዲስ ኪ ብቻውን አይረዳም፤ ብሎኑን የበለጠ በማጥበቅም አይሸፈንም። ክራንክሻፍቱ ወደ ቶርኒዮ ቤት መሄድ አለበት። የክራንክሻፍቱን ጫፍ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ማለስለስ ይቻላል፤ ብናኙ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ክፍቱን በዘይት በራሰ ጨርቅ መድፈን ግን አይዘንጋ። ፑሊው ያለ መዶሻ፣ በእጅና በብሎኑ ጉተታ ብቻ መግባት አለበት። የብሎኑ ማሰሪያ ኃይል በእነዚህ ሞተሮች ብዙ ጊዜ ከ130 እስከ 150 ኒውተን ሜትር ስለሆነ በቶርክ ቁልፍ መለካት ይገባል። ቀድሞ ላልቶ የነበረ ፑሊ ከሆነ ይህን መዝለል ያንኑ በርበሬ የመሰለ ብናኝ መልሶ ማምጣት ነው።

ተመልሶ ከገጠመ በኋላ ዘይት ሲያንጠባጥብ

ፑሊው የጎማ ሲል የለውምና እሱን መፈለግ ከንቱ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ከእምብርቱ ጀርባ ያለው ሳህን ነው፤ የጎደጎደው ፊቱ ወደ ፑሊው መዞር አለበት፤ ተገልብጦ ከገባ ዘይቱን ወደ ውጭ ያደርሳል። ቀጥሎ የእምብርቱ ጠመዝማዛ መስመር ነው። የመንገድ አቧራ ከዘይት ጋር ተጋግሮ ከደፈነው ዘይቱን የሚመልስ ነገር አይኖርም፤ ስለዚህ ፑሊው ሳይገጠም ጥርሱን በጠቆመ እንጨት ቆፍሮ በቤንዚን ማጠብ ያስፈልጋል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ቀጥሎ የሚፈተሸው የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ነው። ተዘግቶ ከሆነ በውስጥ የተጠራቀመው ግፊት ዘይቱን በዚህ ክፍተት ይገፋዋል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መጨመሪያው ክዳን ሲከፈት ጭስ በኃይል የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ግፊቱ የሚመጣው ካለቁ ፋሻዎች (የፒስተን ቀለበቶች) ነው፤ ያኔ ፑሊውን ደጋግሞ ማውጣት ዋጋ የለውም።