ክረምቱ ሲወጣ የሳር ማጨጃውን ከማስነሳታችሁ በፊት

ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ወይም ሰበታ በኩል ሳር ያለው ግቢ ላላችሁ። በቤንዚን የሚሠራ አዲስ የሚገፋ ማጨጃ ብዙ ጊዜ ከካርቶኑ የሚወጣው ያለ ሞተር ዘይት ነው፤ እንዲሁ ካስነሳችሁት ሞተሩ ይቃጠላል። ባለአራት ምት (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው የሚሞላበት) ከሆነ ደልዳላ ቦታ አቁሙና ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት በመለኪያው ዘንግ እያያችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ከምልክቱ በላይ ከሞላ ነጭ ጭስ ያመጣል። ቤንዚን የምትሞሉት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

ስለቱን ከመንካታችሁ በፊት የካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ገመድ ንቀሉ። ይህን እባካችሁ አትዝለሉት! ሞተሩ ጠፍቶም ስለቱ በእጅ ሲዞር ሊነሳ ይችላል፣ ጣት ይቆርጣል። ለማጽዳት ስታጋድሉት የአየር ማጣሪያው ወደ ላይ ይሁን፤ አለዚያ ዘይት ገብቶ ያበላሸዋል።

ሱሉልታን የመሰለ ከ2,500 ሜትር በላይ ያለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል፦ ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ፣ የደከመ ሞተር። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አጽዱ፤ ካልተሻለው ለከፍታ ቦታ የሚሆን ጠበብ ያለ የካርቡሬተር ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ዕቃ) በባለሙያ አስገጥሙ።

የመስከረም ሳር ረጅም ነው፤ በአንድ ዙር ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ እጨዱ። አስቀድማችሁ ድንጋይና ሽቦ ልቀሙ፣ ልጆችን አርቁ፣ ጠንካራ ጫማ አድርጉ። ተዳፋት ላይ ወደ ጎን እንጂ ሽቅብ ቁልቁል አትግፉ።